ሲስተር በለጥሻቸው የለመነችው ሃያ ደቂቃ

ከሲስተር በለጥሻቸው ጋር አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነኝ፤ እሷ ከኮሪደሩ ማዶ፣ ድንገተኛ ክፍል ነበረች። ስሜ ቶማስ ነው። መርካቶ ስለ እሷ የሚያወራውን ሰምቻለሁ። ያልተወራውን ግን እኔ ስለማውቀው፣ ዝም ማለቱ ከብዶኛል።

የተወለደችው ከሲኒማ ራስ ጀርባ ነው። አባቷ እህል በረንዳ የጤፍ ደላላ ነበሩ። በልጅነቷ ምሳቸውን ስታመላልስ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ተላምዳ ስላደገች፣ ነርስ ከሆነች በኋላም ተሸካሚዎቹ ወረፋ መያዝ አያውቁም፤ "እህቴ" ብለው ዘው ነው። ወገቡ የተቀጨው፣ ጣቱ ሚዛን ሥር የገባበት፣ ማዳበሪያ ራሱ ላይ የወደቀበት፣ ሁሉም ወደ እሷ ይመጣል። እሷም እየሰፋች ትቆጣቸዋለች። "በአንድ አንገት ሁለት ኩንታል! መለዋወጫ ያለው መሰለህ?" ትላለች። እነሱ ይስቃሉ። አላገባችም፤ ከእናቷ ከእትዬ አስናቀች ጋር እዚያው የተወለደችበት ቤት ትኖራለች።

ካቻምና በኅዳር አንድ ደብዳቤ መጣ። ከሆስፒታል ርቆ በሚገኝ ቦታ ለሚደርስ አደጋ፣ ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ከፍተኛ ሥልጠና ነው ይላል። አሥራ ሁለት ቀን፣ መንዝ፣ ጓሳ ሜዳ ላይ፣ በድንኳን። ቦታው ለሐኪማችን የተሰጠ ነበር፤ ሐኪማችን ግን ብርዱን ሲሰማ ጉንፋን ያዘኝ አለ። በስብሰባው ላይ "ማን ይሂድ?" ሲባል በለጥሻቸው ብቻዋን እጇን አወጣች። እኛ ሥልጠናውን "የጫካ ሕክምና" ብለን ስም አወጣንለት።

ስትመለስ ፊቷን ፀሐይና ብርድ ልጦታል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ግን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ተደግፋ ምሳ ሰዓቴን በሙሉ አወራችልኝ። ጭን የተሰበረ ሰው በዱላና በነጠላ እንዴት እንደሚታሰር፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው ለምን እንደማይታሸት፣ አንገቱ የተጎዳን ሰው አራት ሆነው እንዴት እንደሚያገላብጡት። ከሁሉም ግን አንድ ነገር ውስጧ ገብቶ ቀርቷል።

አሠልጣኛቸው ዶክተር ይገረም የሚባል ሰው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከሠልጣኞቹ አንዱን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ ጭኖቹ ላይ ግንድ አስቀምጦ፣ "ይህ ሰው ግንዱ ከወደቀበት አምስት ሰዓት ሆኖታል። ይናገራል፣ ያያችኋል። ምን ታደርጋላችሁ?" ይላቸዋል። ሁሉም ተሯሩጠው ግንዱን ያነሳሉ። እሷም አንዷ ናት።

"'ገደላችሁት' አለን" አለችኝ። "ቶማስ፣ ሥጋው እኮ ለሰዓታት ሲጨፈለቅ ይሞታል። መርዙ እዚያው ታምቆ ይቆያል። ጭነቱ ሲነሳ ግን ደሙ ተመልሶ ሲገባ፣ መርዙን ጠራርጎ ቀጥ ወደ ልብ ነው። ሰውየው ወጥቶ ያመሰግንሃል፣ ከዚያ ይሞታል። ከማንሳትህ በፊት በደም ሥሩ ብዙ ጨው ውኃ መስጠት አለብህ። ብዙ! በሰዓት አንድ ሊትር፣ ከዚያም በላይ።"

"አንቺ ደግሞ" አልኳት፣ "እዚህ ማን ላይ ግንድ ይወድቃል?"

በሳምንቱ የጀርባ ቦርሳ ይዛ መጣች። ከራሷ ኪስ የገዛችው ነው። ፋሻ፣ መርፌ፣ መቀስ፣ የእጅ ባትሪ አስገብታበታለች። "ስምንት ከረጢት ጨው ውኃ ስጠኝ" አለች። ያለ ትእዛዝ ስምንት ከረጢት ማውጣት እንደማልችል ነገርኳት። እውነት ነው፣ አልችልም። ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ አስናቀው ገባች። ሁላችንም ባለንበት፣ "ሲስተር፣ መርካቶ ውስጥ ጫካው በየት በኩል ነው?" አሏት። ቢሮው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። "ገበያ በደራበት ሰዓት ከእህል በረንዳ ውስጠኛው መጋዘን አንድ የተጎዳ ሰው ሲኒማ ራስ አስፋልት ለማድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብላ ጠየቀች። በመጨረሻ አቶ አስናቀው "ለማሳያ ሁለት ስጣት" አሉኝና ሁለት ሰጠኋት።

አደጋው የደረሰው ባለፈው ነሐሴ ነው፣ ማክሰኞ ቀን። ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ከእህል በረንዳ ውስጥ ወደ ውስጥ የሚገባ አንድ ቀጭን መተላለፊያ አለ፤ ጋሪ ከጋሪ አይተላለፍበትም። በመጨረሻው ላይ ያረጀ ባለ አንድ ፎቅ መጋዘን ነበር። ከላይኛው ወለል ላይ አተርና ሽንብራ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የአርማታው ወለል ከነጭነቱ ወረደ። ውስጥ ሦስት አውራጆች ነበሩ። ሁለቱ ወደ በሩ ዘለሉ። ሦስተኛው፣ ይመር የሚባል የወሎ ልጅ፣ ከጭኑ በታች አርማታው ሥር ቀረ።

ለበለጥሻቸው የደወሉላት አውራጆቹ ራሳቸው ናቸው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትሮጥ በመስኮቴ በኩል አየኋት። ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልነበረም።

ስትደርስ ሰዉ ማዳበሪያዎቹን እያነሳ ነበር። አርማታውን ግን በእጅ ማን ያነሳዋል? የአደጋ ሠራተኞች መኪና ሲኒማ ራስ ላይ በሰውና በጋሪ ታፍኖ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ወርደው በእግራቸው መጡ፤ ከባዱን መሣሪያ ግን በትከሻ ማምጣት አልቻሉም። በለጥሻቸው ጫማዋን አውልቃ በሆዷ ተስባ ገባች። ከይመር ደረትና ክንድ ሌላ የምታገኘው አካል የለም። ክንዱን ያዘች፣ ደም ሥሩን አገኘች፣ ከሁለቱ ከረጢት የመጀመሪያውን ቀጠለችለት። ከረጢቱን የምትሰቅልበት ስላልነበራት በጥርሷ ነክሳ ይዛዋለች፤ ይህን ያየው ከአደጋ ሠራተኞቹ አንዱ ነው።

ከዚያ ደወለችልኝ። አራት ሰዓት ተኩል አልሞላም።

"ቶማስ፣ ያለህን ጨው ውኃ በሙሉ ይዘህ ና። አሁን!"

መደርደሪያው ላይ ዘጠኝ ከረጢት ነበር። ከፊቴ። እጄን ብዘረጋ የምደርስበት። አቶ አስናቀው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስልካቸው ተዘግቷል። ያለ ፊርማ ንብረት ማውጣት ያስጠይቃል፤ ከዚያ በፊት በአንድ ካርቶን ጓንት የተባረረ ሰው አውቃለሁ። ቅጹን ሞልቼ፣ ስልክ እየደወልኩ ጠበቅሁ። እሷም ደወለች። "እየመጣሁ ነው" አልኳት። ሁለተኛ ደወለች። "እየመጣሁ ነው።" አቶ አስናቀው የፈረሙት ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ዘጠኙን ከረጢት በካርቶን አድርጌ ወጣሁ።

በነዚያ ሰዓታት አርማታው ሥር ምን እንደተባባሉ ኋላ እሷው ነገረችኝ። ይመር ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ሐዋ የከባድ መኪና ተራው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች።

"እህቴ፣ እግሬ አለ?" አላት።

"አለ።"

"አይሰማኝም እኮ።"

"ስለተጫነህ ነው።"

"ታዲያ ለምን አያነሱልኝም?"

እንደሚያነሱለት፣ ነገር ግን መጀመሪያ ይህ ውኃ መግባት እንዳለበት ነገረችው። ገባው። "የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል" ብሎ ቀለደባት። ትንሽ ቆይቶ፣ "ለሐዋ እንዳትነግሯት፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ትደነግጣለች" አለ። ሐዋ በዚያን ጊዜ መተላለፊያው አፍ ላይ ሰዎች ይዘዋት እያለቀሰች ነበር። በለጥሻቸው ድምፅዋን ትሰማለች፤ እሱም ሳይሰማ አልቀረም።

ሁለተኛው ከረጢት ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ሹፌሮች ከአይሱዙዎቻቸው አራት ክሪክ ፈትተው፣ በትከሻቸው አምጥተው አርማታው ሥር ተከሉ። ሥራውን የሚመሩት ጋሽ ከተማ ናቸው፤ የጫኝና አውራጆቹ አለቃ፣ የጎጃም ሰው፣ ስድሳ ያለፉ። ይመርን ወደ ሥራው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። በለጥሻቸው በአቧራ ነጭ ሆና ከጉድጓዱ ወጣችና ፊታቸው ቆመች።

"ጋሼ፣ አሁን እንዳያነሱት" አለች። "መድኃኒቱ መንገድ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ።"

"ልጄ፣ አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተቀብሯል እኮ!"

"ለዚህ ነው! እንዲሁ ብናነሳው ልቡ ይቆማል። በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ሃያ ደቂቃ።"

ከኋላ ሰዉ ጮኸ። "ሰው እየሞተ ጠብቁ ትላለች!" አለ አንዱ። ሌላው "ግሉኮስ ለመስቀል ነው እንዴ የምንጠብቀው?" አለ። ሐዋ ከያዟት ሰዎች አምልጣ መጥታ የጋሽ ከተማን እግር ይዛለች። ከአደጋ ሠራተኞቹ አንዱ ጣሪያው ከላይ እየተሰነጠቀ መሆኑን አሳየ፤ እሱም ልክ ነበር። ጋሽ ከተማ ጣሪያውን አዩ፣ ሐዋን አዩ፣ በለጥሻቸውን አዩ። ከዚያ "አንሱ" አሉ።

እኔ በዚያን ሰዓት ካርቶኑን ራሴ ላይ አድርጌ እህል በረንዳ መግቢያ ላይ ነበርኩ። በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላው መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል። ሁሉም ሰው አደጋውን ለማየት ወደ አንድ አቅጣጫ ተምሟል። "መድኃኒት ነው! አሳልፉኝ!" ስል፣ "እኛስ ምን ይዘናል?" ይሉኛል፤ በጋሪና በማዳበሪያ መሐል ተቀርቅሬ ቆሜያለሁ። እልልታ የሰማሁት እዚያ ነው። ከፊቴ ያለው ሰው ዞሮ "ወጣ! ወጣ!" ብሎ አቀፈኝ።

ቃሬዛ ሠርተውለት ነበር፤ ሁለት አጠናና ሸራ። ገጠር ያደጉ ሰዎች ናቸውና ማንም አላስተማራቸውም። ስምንት ሆነው ተሸክመውት ወደ እኔ አቅጣጫ መጡ። ሰዉ ለቃሬዛው ተከፍሎ መንገድ ሲሰጥ፣ ለካርቶኔ ግን አለመስጠቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ይመር ዓይኑን ገልጦ ነበር። "አላህ ይስጣችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ" ይላል። ውኃ ጠየቀ። በለጥሻቸው ከጎኑ እየሮጠች የአንገቱን ምት ይዛ፣ ካርቶኑን ራሴ ላይ ስታይ እጇን ብቻ ዘረጋች።

ከረጢቱን አውጥቼ ሳልጨርስ "አስቀምጡት!" አለች።

አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀመጡት። ዓይኑ ተገልጦ ነው፤ ማየቱን ግን ትቷል። ደረቱን መጫን ጀመረች። እኔ ጨው ውኃውን ቀጠልኩ፤ እየጨመቅሁ አስገባሁት። ሲደክማት እተካታለሁ፣ ሲደክመኝ ትተካኛለች። አርባ ደቂቃ ያህል ይመስለኛል። አምቡላንሱ የቆመበት አስፋልት ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም። በመጨረሻ ጋሽ ከተማ ጎንበስ ብለው እጇን ያዙ። "በቃ፣ ልጄ" አሉ። እጇን ነጥቃ ትንሽ ቀጠለች። ከዚያ ተወች።

በማግሥቱ ጠዋት ኮልፌ ተቀበረ።

ወሬው ከቀብሩ በፊት ተነስቷል። ሰው ያየው ይህን ነው፦ ይመር ከጉድጓድ እያወራ ወጣ፤ አንዲት ነርስ መርፌ ወግታው ነበር፤ ሞተ። ጊዜው ያለፈበት ግሉኮስ ነው የሰጠችው ተባለ። ጠብቁ እያለች አራት ሰዓት ሙሉ ያስቀመጠችው እሷ ናት ተባለ። ለቅሶ ልትደርስ ብትሄድ ከድንኳኑ አፍ ላይ "ሲስተር ጠብቁ መጣች" አለ አንዱ። ስሙ ከዚያ ወዲህ ተጣበቀባት። ለሃያ ዓመት ተረከዛቸውንና ግንባራቸውን የሰፋችላቸው ሰዎች ሰላምታ ከለከሏት። ቁስላቸውን ይዘው ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳሉ።

በአሥረኛው ቀን ሐዋ ወደ እኔ መስኮት መጣች። ከነጠላዋ ውስጥ ባዶ የጨው ውኃ ከረጢት አወጣች፤ ከፍርስራሹ ለቅማው ነው።

"ወንድሜ፣ እኔ ማንበብ አልችልም" አለችኝ። "ቀኑን ያንብቡልኝ።"

አነበብኩት። ገና ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል።

"አላለፈም?"

"አላለፈም።"

"ታዲያ ምን ገደለው?"

በዚያች ሰዓት ልነግራት እችል ነበር። ዘጠኝ ከረጢት መደርደሪያ ላይ እንደነበረ፣ እጄ ፊርማ ሲጠብቅ እንደዋለ፣ ነርሷ ሃያ ደቂቃ የለመነችው ለምን እንደሆነ። ከኋላዋ ወረፋ ቆሟል። "ጉዳቱ ከባድ ነበር" አልኳት። ከረጢቱን አጣጥፋ መልሳ ነጠላዋ ውስጥ አስገባችና ሄደች።

አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። ከግቢ ውጪ ያለ ትእዛዝ ሕክምና ሰጥታለች፣ በንብረት አለአግባብ ተጠቅማለች ተባለ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ። "መድኃኒቱ የዘገየው በመመሪያው መሠረት ፊርማ በመጠበቅ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የለበትም። ውሳኔው ከድንገተኛ ክፍል ተነስታ ካርድ ክፍል እንድትሠራ ነው። ቦርሳዋም ከነፋሻው ንብረት ክፍል ገባ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ለዶክተር ይገረም ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ። ሁሉንም አስረዳችው።

"ያደረግሽው ትክክል ነው" አላት።

"ዶክተር፣ ጠብቀው ቢሆን ይተርፍ ነበር?"

"ዕድሉ ይሻል ነበር። ግን ኩላሊቱን የሚያጥብ ማሽን፣ ልቡን የሚከታተል ሐኪም ወዲያው ማግኘት ነበረበት። በእውነቱ ሆስፒታል ቢደርስም እርግጠኛ አይደለሁም።"

"ይህን ሁሉ የማላገኝ ከሆነ ለምን አስተማሩኝ?"

"ሲስተር…" አለ። ከዚያ በመጋቢት የማጠናከሪያ ሥልጠና እንዳለና ስሟን እንደሚያስገባ ነገራት። አመስግና ዘጋችው። በመጋቢት አልሄደችም። ከጤና ጣቢያችንም ማንም አልሄደም።

መጋዘኑ ተመልሶ ተሠርቷል። አሁንም ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ላይኛው ወለል ላይ አሁን ስንዴ አለ።

በሚያዝያ፣ ፋሲካ ሲደርስ፣ ጋሽ ከተማ ለደም ግፊታቸው ቀጠሮ መጡ። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሲደርሱ እሷን አዩ፤ ትንሽ አመነቱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ከጎን ያለው ወንበር ላይ የወሩን ሪፖርት እሞላ ነበር። ካርዳቸውን ስትፈልግ ጠበቁ። ስታገኘው ግን አልተቀበሏትም።

"በለጡ" አሉ፣ በቀስታ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትዋሺኝ።"

"ይጠይቁኝ ጋሼ።"

"የዚያን ቀን ሃያ ደቂቃ ብንጠብቅሽ ኖሮ፣ ልጁ በሕይወት ይኖር ነበር?"

እጇ ካርዱን እንደያዘ ቀረ። ወደ እኔ አየች። ዓይኔን ወደ ሪፖርቱ መለስኩ።

"አላውቅም ጋሼ።"

"አላውቅም አትበይኝ። አንቺ ታውቂያለሽ። የዚያን ቀን ስትለምኚኝ ፊትሽን አይቼዋለሁ፤ ታውቂ ነበር።"

"ጣሪያው ሊወርድ ነበር። እርስዎ ማንንም አልበደሉም።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

ከኋላቸው አንድ ሰው "እባካችሁ ቶሎ በሉ" ብሎ አጉረመረመ።

"ምናልባት ይተርፍ ነበር" አለች።

ጋሽ ከተማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። "ምናልባት" አሉ። "እሺ።" ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና ካርዱን ሳይወስዱ፣ ግፊታቸውን ሳይለኩ፣ በሰዉ መሐል ወደ በሩ ሄዱ። "ጋሼ፣ ካርድዎን!" ብላ ተጣራች። አልዞሩም።

ካርዱን በቁጥሩ መሠረት መደርደሪያው ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ማንም መጥቶ አላስወጣውም።